ጉልበትዎ ለቤተ ክርስቲያን፣ ትርፉስ?

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች ለእምነት ቤት በነፃ መሥራት የቆየ ልማድ ነው። የእምነት ቤቱ ሱቅ ሲከፍት፣ ወፍጮ ሲተክልና አትክልት ሲሸጥስ? ቤተሰብ ጊዜውንና ጉልበቱን ከመስጠቱ በፊት ሊያስባቸው የሚገቡ ነጥቦች እነሆ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው እንበል። የ16 ዓመት ልጅዎ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ልትሄድ ተነሥታለች። የመዝሙር ጥናት ያላት መስሎዎት «በስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?» ይሏታል። «ዛሬ የሱቅ ተረኛ ነኝ፤ እስከ ማታ ነው» ትልዎታለች። ሱቁ የደብሩ ነው። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ነጠላና የጸሎት መጽሐፍ ይሸጥበታል፤ በጎን ለስላሳና የታሸገ ውኃም አለው። ልጅዎ ቀኑን ሙሉ ስትሸጥ፣ ስትቆጥርና ሒሳብ ስታስረክብ ትውላለች። የሚከፈላት የለም፤ እርሷም አልጠየቀችም። እርስዎም «ለእግዚአብሔር ቤት ነው» ብለው ዝም ይላሉ።

ዝም ማለትዎ ከእምነት የመጣ ነውና የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን የልጅዎ ቀን ወደ ገንዘብ ተለውጧል። ገንዘቡ የት ገባ? እርሷ ባትኖር ኖሮ በዚያ ሱቅ ደመወዝ እየተከፈላት ልትሠራ የምትችል ሌላ ልጅ ነበረች? ልጅዎ «አልችልም» ብትል ማን ምን ይላታል? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ የእምነት ጉድለት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እንዲያውም አገልግሎትን አገልግሎት አድርገው የሚያቆዩት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው።

ወንፈል፣ ደቦና በረከት

ለነፃ ጉልበት ከከተሜው ይልቅ የሀብሩ ገበሬ የጠራ ቋንቋ አለው። ወንፈል ሲባል ዛሬ እርስዎ የእኔን ካጨዱ ነገ እኔ የእርስዎን አጭዳለሁ ማለት ነው፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦ ሲባል ባለ እርሻው ጎረቤቱን ይጠራል፤ እንጀራውን፣ ጠላውን ወይም ቡናውን አሰናድቶ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሌላው ሲጠራውም ሳያቅማማ ይሄዳል። ሦስተኛው ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሚሠራው ነው። ድንጋይ ማመላለስ፣ አጥር ማጠር፣ ጣሪያ ማልበስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ብድር መላሽ አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው በረከት ነው።

በሦስቱም ሁሉም ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ፍሬው የማን እንደሆነ። በወንፈልና በደቦ አዝመራው የባለ እርሻው ነው፤ እርሱም ውለታውን በቀን ወይም በድግስ ይከፍላል። በሦስተኛው የሚሸጥ አዝመራ የለም፤ ሕንፃው የሁሉም መጸለያ ነው።

የእምነት ቤት ንግድ ግን አራተኛ ዓይነት ነው፤ ገና ስም አልወጣለትም። ሥራው እንደ ሦስተኛው በነፃ ይሠራል፤ ፍሬው ደግሞ እንደ ባለ እርሻው አዝመራ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ስም ስላልወጣለት በተለመደው ስም ይጠራል። ንግዱ «ልማት» ይባላል፤ ሥራው «አገልግሎት» ይባላል፤ ሻጯ «አገልጋይ» ትባላለች። ቃላቱ መልካም ናቸው። ችግሩ፣ ገንዘብ የሚገባበትንና የማይገባበትን ሥራ በአንድ ስም ሲጠሩ ሰው የሰጠውን ነገር በትክክል ሳያውቅ እንዲሰጥ ማድረጋቸው ነው።

ወሎ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ አላት። ሙስሊሙ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ድንጋይ ሲያቀብል፣ ክርስቲያኑ ለመስጊድ ሥራ እንጨት ሲሸከም የኖረበት አገር ነው። ያ ጎረቤት የተሸከመው ለጸሎት ቤት ነው። በግቢው ዙሪያ ለሚከራዩ ሱቆች ግንባታ በነፃ ድንጋይ እንዲያቀብል ቢጠራ ይመጣ ነበር? ምናልባት ይመጣ ይሆናል፤ የምንጠራው ለምን እንደሆነ ግን አስቀድመን ልንነግረው ይገባል። ለጎረቤት የሚገባው ይህ ግልጽነት ለራሳችን ልጆችም ይገባል።

ቤተ ክርስቲያን ለምን ወደ ገበያ ወጣች?

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ታሪኩን ማስታወስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን የምትተዳደረው በመሬት ነበር። ደብሩ ጉልት ነበረው፤ ካህኑና ደብተራው በሪም መሬት ይኖሩ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለወጠው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለዘመናት ከእርሻና ከኪራይ ሲተዳደር የነበረ ደብር በወራት ውስጥ የሙዳየ ምጽዋት፣ የስእለትና የአባላት መዋጮ ጥገኛ ሆነ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ የሆነው ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ነበር። በዚህ ሥርዓት አጥቢያው የሚመራው በአስተዳዳሪው ሰብሳቢነት ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተመረጠ ጉባኤ ነው። ምእመኑ ቤተ ክርስቲያኑን «በገንዘቡ፣ በጉልበቱና በዕውቀቱ» እንዲረዳ ይጠየቃል። መሬቱ ከሄደ በኋላ ይህ ሦስትዮሽ የደብሩ እስትንፋስ ሆነ።

የሰሜን ወሎ ሀገረ ስብከት መቀመጫ በሆነችው ወልድያም ሆነ በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ ጫናው ቀላል አልነበረም። አካባቢው ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ አልፏል። ብዙ ቤተሰብ ንብረቱን አጥቷል፤ የአሥራትና የስእለት ምንጩም ያው ቤተሰብ ነው። የካህናት ደመወዝ፣ የአብነት ተማሪዎች ቀለብ፣ የጧፍና የዕጣን ወጪ ግን አይቆምም። አንድ ሰበካ ጉባኤ «ሱቅ እንክፈት፤ ወፍጮ እንትከል፤ በመስኖ ሽንኩርት እናልማ» ቢል ስግብግብ ሆኖ አይደለም። ልመናን ትቶ በራሱ ጥሪት መቆሙ ያስመሰግነዋል።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ትነግድ አትነግድ የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው ንግዱ በማን ጉልበት ይሠራ የሚለው ነው።

መስመሩ የት ላይ ይሰመር?

ሁሉንም ነፃ አገልግሎት በጥርጣሬ ማየት ስሕተት ነው። በጥምቀት ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች ያስቧቸው። ለገና ወደ ላሊበላ የሚጎርፈውን ምእመን ተቀብለው እግሩን የሚያጥቡትን ያስቧቸው። በሀብሩ ወረዳ ጃራ መጠለያ ለሰፈሩ ተፈናቃዮች ከቤቱ ቆርሶ ያካፈለውን የአካባቢ ሰው ያስቡት። ከእነዚህ አንዱም የሚሸጥ ነገር አላመረተም። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ተያይተዋል፤ ስጦታው እዚያው አልቋል።

አሁን ወደ መሃል እንምጣ። ደብሩ ማሳ አለውና ሰንበት ትምህርት ቤቱ ለአጨዳ ተጠራ እንበል። እህሉ ለአብነት ተማሪዎች ቀለብ ከሆነ ከደቦ ብዙ አይርቅም። መርሳ አካባቢ በመስኖ እንደሚለማው ሽንኩርት ለነጋዴ በኩንታል የሚሸጥ ከሆነ ግን ጉልበቱ የንግድ ግብዓት ሆኗል፤ እንደ ማዳበሪያውና እንደ ዘሩ። ማዳበሪያው ተገዝቷል፤ ዘሩ ተገዝቷል፤ በነፃ የመጣው የሰው ጉልበት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ዓመቱን ሙሉ የሚከፈተው ሱቅ፣ ካፌው፣ ወፍጮ ቤቱና አዳራሽ ኪራዩ አለ። እዚህ ላይ ነፃ ጉልበት የአንድ ቀን ዘመቻ መሆኑ ቀርቶ መደበኛ የሥራ ቦታ ይሆናል። ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አሥር ወጣቶች በየቅዳሜው ለአራት አራት ሰዓት ቢሠሩ በወር 160 ሰዓት ይሆናል። ይህ በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራ አንድ ሰው የ20 ቀን ሥራ ነው። እያንዳንዳቸው የሰጡት ጥቂት ይመስላል፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው። ለደብሩ ግን አንድ ሙሉ ሠራተኛ ማለት ነው። በዚያው ሰፈር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ ልጅ ካለች፣ ያ የሥራ ቦታ ለእርሷ አልተከፈተም።

ጎረቤት ባለ ሱቁም አለ። ኪራይ ይከፍላል፣ ግብር ይከፍላል፣ ለአጋዥ ልጅ ደመወዝ ይከፍላል። ከአጥሩ ማዶ ያው ለስላሳ ያለ ደመወዝ ወጪ ሲሸጥበት የሚወዳደረው ከነጋዴ ጋር ሳይሆን ከበረከት ጋር ነው። እርሱም የዚያው ደብር ምእመን ሊሆን ይችላል፤ ቅሬታውን ግን ለማን ያሰማል?

ሌላም ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። ብር የሰጠ ሰው ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ቀኑን የሰጠ ሰው ስሙ አይጠራም። ጊዜውን የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብር የሌለው ነው፤ ሴቶች፣ ተማሪዎችና ሥራ ያላገኙ ወጣቶች። ለደብሩ ካፌ እንጀራ የምትጋግረው እናት በቤቷም ጋጋሪ ናት። ሁለቱም ቦታ አይከፈላትም። ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ስላልቀነሰላት የሰጠችው ከእንቅልፏ ቆርሳ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዴታ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። በዚያው አንቀጽ ኅብረተሰቡ በአካባቢው በፈቃደኝነት የሚሠራው የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ልማት ሥራ እንደ ግዴታ ሥራ እንደማይቆጠር ይገልጻል። የአንቀጹ ማጠፊያ «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሥራ ውል የሚመሠረተው አንድ ሰው በአሠሪ መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ሲስማማ እንደሆነ ይደነግጋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በሃይማኖትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሥራ ግንኙነት ላይ አዋጁ ተፈጻሚ እንዳይሆን በደንብ የመወሰን ሥልጣን አለው። ለቤተሰብ ይህ ምን ማለት ነው? ደመወዝ ከሌለ የሥራ ውል አለ ማለት ይከብዳል። የሥራ ውል ከሌለ ደግሞ ሠራተኛው በአዋጁ የሚያገኛቸውን ጥበቃዎች፣ የሥራ ሰዓት ገደብን፣ የዕረፍት ቀንንና በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ካሣን፣ በጎ ፈቃደኛው ይገባኛል ብሎ መጠየቅ ይቸገራል። በወፍጮ ቤት ቀበቶ እጁ የተያዘ ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛ ቁስላቸው አንድ ነው፤ በሕግ ፊት ያላቸው ቦታ ግን አንድ አይደለም።

ስለ ልጆች አዋጁ ጥብቅ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅን መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ፣ በሌሊት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት እንዳይሠራ ይደነግጋል። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትንም ወጣቶችንም ያቅፋል። ልጅዎ ተቀጥራ ሳይሆን እያገለገለች ቢሆን እንኳ ሕግ ለተቀጣሪ ልጅ ያሰመረውን መስመር ለልጅዎም መለኪያ ያድርጉት። በክፍያ የተከለከለ ሰዓት በነፃ ሲሆን ለልጅ ጤናና ለትምህርቷ ደግ አይሆንም።

ከሩቅ አገር ሁለት ፍርዶች

ይህን ጥያቄ ለፍርድ ቤት ያቀረቡ አገሮች አሉ። በአሜሪካ የቶኒና ሱዛን አላሞ ፋውንዴሽን የተባለ የሃይማኖት ድርጅት ነዳጅ ማደያ፣ የልብስ ሱቆች፣ እርሻና የግንባታ ሥራ ነበረው። ሥራውን የሚሠሩት ወደ 300 የሚጠጉ ተከታዮቹ ነበሩ። ብዙዎቹ ቀድሞ በሱስና በወንጀል ሕይወት ያለፉ ሰዎች ናቸው። ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ምግብ፣ ልብስና ማደሪያ ይሰጣቸው ነበር። ፍርድ ቤት ቀርበው «እኛ ለአምላክ ነው የምንሠራው፤ ደመወዝ አንፈልግም» ያሉት ራሳቸው ሠራተኞቹ ነበሩ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ ድምፅ ሠራተኞች ናቸው ብሎ ወሰነ። ለኑሯቸው የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ከድርጅቱ እየጠበቁ ይሠሩ ስለነበር የተሰጣቸው ምግብና ማደሪያ በሌላ ስም የተከፈለ ደመወዝ ነው አለ። ድርጅቱ ከደመወዝ ሕግ ነፃ ቢሆን በተፎካካሪ ነጋዴዎች ላይ ያልተገባ ብልጫ እንደሚያገኝም ጠቀሰ። ደመወዙን አንፈልግም ለሚሉትም መንገድ አሳየ፤ ይከፈላቸው፤ ከዚያ ከፈለጉ በፈቃዳቸው ለድርጅቱ መልሰው ይስጡ።

ሁለተኛው ፍርድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በኦሃዮ ግዛት ኧርነስት አንግሊ ይመሯት የነበረችው ቤተ ክርስቲያን «ካቴድራል ቡፌ» የሚባል ምግብ ቤት ነበራት። ከተቀጠሩት ጎን ለጎን የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት በነፃ ይሠሩበት ነበር። መሪው በጎ ፈቃደኞችን የሚጠሩት ከመድረክ ነበር፤ እምቢ ማለት በአምላክ ፊት ከባድ ነገር እንደሆነ የሚያስመስል ንግግርም ያደርጉ ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ከ388 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፈል ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2018 ውሳኔውን ሻረው። በጎ ፈቃደኞቹ ከሥራው የሚጠብቁት ክፍያ አልነበረም፤ የደረሰባቸው ጫና መንፈሳዊ እንጂ የኢኮኖሚ ስላልሆነ የደመወዝ ሕጉ አይመለከተውም አለ።

ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነቡ አንድ ነገር ይገለጥልዎታል። ሕግ የሆድን ጫና ይለካል፤ የነፍስን ጫና አይለካም። የነፍስ አባትዎ «ልጄ፣ ቅዳሜ ሱቁን ጠብቂልን» ሲሉ የሚሰማዎትን ክብደት የትኛውም ዳኛ ሊመዝነው አይችልም። ዳኛ ካልመዘነው ደግሞ መመዘን ያለባቸው ሁለት ወገኖች ናቸው፤ የሚጠይቀው ሰበካ ጉባኤና የሚሰጠው ቤተሰብ።

ከአላሞው ጉዳይ ለእኛ አገር የሚቀርብ ሌላም ትምህርት አለ። ማደሪያና እራት ፍለጋ ወደ እምነት ቤት የተጠጋ ሰው፣ ተፈናቃይ ይሁን ሥራ አጥ ወጣት፣ «በጎ ፈቃደኛ» ሊባል አይገባውም። እምቢ ቢል የሚሄድበት የለውም። ለእንዲህ ያለው ሰው ደግነት ማለት መጀመሪያ ማብላት፣ ከዚያም ሥራ ካለ በክፍያ ማሠራት ነው።

እሺ ከማለትዎ በፊት

እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ በእምነት ቤት የገቢ ማስገኛ ሥራ እንድታገለግሉ ስትጠየቁ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በቤት ውስጥ ተነጋገሩባቸው።

1. ገንዘቡ የት ይገባል? ሱቁ የራሱ መዝገብና ደረሰኝ አለው? ገቢና ወጪው በጉባኤ ፊት ይነበባል? ለአብነት ተማሪ ቀለብ ዋለ ማለትና «ለልማት ዋለ» ማለት አንድ አይደሉም።

2. ሌላ የሚከፈለው አለ? አስተዳዳሪው፣ ጥበቃውና አቅራቢው ነጋዴ ሁሉ እየተከፈላቸው በነፃ የምትሠራው ሻጯ ብቻ ከሆነች ስጦታው በእርሷ ላይ ብቻ ወድቋል።

3. የማንን እንጀራ ይነካል? ሥራው በየሳምንቱ የሚደጋገም ከሆነ አንድ የተቸገረ ሰው ተቀጥሮበት ሊኖር ይችል ነበር ማለት ነው።

4. መቼ ያበቃል? የአገልግሎት ቀን መጀመሪያና መጨረሻ ሊኖረው ይገባል። «እስኪበቃን» የሚባል ተራ ከአገልግሎት ወደ ግዴታ ያደላል።

5. እምቢ ማለት ይቻላል? የቀረ ሰው ስሙ በስብሰባ የሚነሣ ከሆነ፣ ከመዝሙር ክፍል የሚቀነስ ከሆነ ወይም «እምነቷ ቀዝቅዟል» የሚባል ከሆነ ፈቃደኝነቱ አብቅቷል።

እንዴት ልጠይቅ?

ብዙዎቻችንን የሚከብደን ጥያቄው ሳይሆን አነጋገሩ ነው። ካህንን መጠየቅ ነውር የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን አክብሮትና ግልጽነት አብረው ይሄዳሉ። መስቀል ተሳልመው ሲያበቁ ለብቻቸው ቀርበው እንዲህ ማለት ይችላሉ፤ «አባታችን፣ ልጄ በሱቁ በማገልገሏ ደስ ብሎናል። ፈተና እየደረሰባት ስለሆነ በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ እንድትመጣ ነው የምንፈልገው። ገቢው ለምን እንደሚውልም ብትነግሩን ልጅቷ በደስታ ታገለግላለች።» ይህ ንግግር ማንንም አያሳዝንም። በጎ አባት ከሆኑ ያመሰግኑዎታል።

እምቢ ማለት ካስፈለገም በሌላ በር ይግቡ፤ «አባ፣ ለቅዳሴውና ለጉባኤው አንቀርም፤ የንግሥ ቀንም ውኃ እናቀዳለን። የሱቁን ሥራ ግን ለሚያስፈልገው ሰው በክፍያ ብትሰጡት እኛም በወር የምንችለውን እናዋጣለን።» ጉልበት ከልክለው ገንዘብ ማዋጣትዎ ስስት አይደለም፤ ለአንድ ሰው ሥራ ፈጥረዋል።

ከልጅዎ ጋርም ይነጋገሩ። «ምን ሠራሽ?» ከማለት አልፈው «ደስ ብሎሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?» ብለው ይጠይቋት። በሱቅ መሥራት ሒሳብን፣ ትዕግሥትንና ሰው ማስተናገድን ያስተምራል፤ ጓደኝነትንም ያበዛል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ጥቅሙ ጥቅም ሆኖ የሚቆየው ግን ልጅቷ በራሷ ምርጫ ስትሄድ ነው። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢም ሆነ በመርሳው ግቢ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ይህንኑ አትርሱ። ከቤቱ የራቀ ተማሪ በእምነት ማኅበሩ ውስጥ ቤተሰብ ያገኛል፤ ያንን ቤተሰብ እንዳያጣ ሲል የማይችለውን ሸክም እሺ ሊል ይችላል።

ለሰበካ ጉባኤና ለመስጊድ ኮሚቴ

ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል በሰበካ ጉባኤ፣ በመስጊድ ኮሚቴ ወይም በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት የሚያገለግሉ አሉ። ለእናንተ የምንለው አጭር ነው።

የጸሎት ቤቱን ሥራና የንግዱን ሥራ በመዝገብም በአነጋገርም ለዩ። ለጸሎት ቤቱ በነፃ ጥሩ፤ ለንግዱ ቅጠሩ። ሱቁ ለአንድ ሰው ደመወዝ መክፈል ካልቻለ ምናልባት ሱቁ ገና አላዋጣም ማለት ነው፤ በነፃ ጉልበት የተሸፈነ ኪሣራ ትርፍ ሊባል አይችልም። አላሞን የዳኘው ፍርድ ቤት ያሳየውን መንገድም ሞክሩት፤ ክፈሉ፣ መመለስ የፈለገ በፈቃዱ ይመልስ። ያኔ የሚመለሰው እውነተኛ አሥራት፣ እውነተኛ ሰደቃ ይሆናል።

በጎ ፈቃደኞችን የሚጠይቀው የነፍስ አባት አይሁን። የልማት ክፍሉ ይጠይቅ፤ በማስታወቂያ ይጠይቅ፤ በስም አይጥራ። በዓመት አንድ ቀን ብር የሰጡትን ስም ስታነቡ ቀናቸውን የሰጡትንም ስም አንብቡ። ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም አስቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ ያዙ።

ይህን የምንለው ከሁለቱም እምነት ትምህርት ውጭ ሄደን አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያበራየው በሬ እንኳ አፉ እንዳይታሰር ያዝዛል፤ የሠራተኛን ዋጋ ማቆየትንም አጥብቆ ይወቅሳል። እስልምናም የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈል ያስተምራል። ለዘመናት በክርስቲያንና በሙስሊም ጎረቤታሞች የኖረው የወሎ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

በጦርነቱ ወራት ብዙ ሰው ወደ እምነት ቤቶቹ የሮጠው ስለሚያምናቸው ነው። ከሱቅ፣ ከወፍጮና ከኪራይ ሁሉ የሚበልጠው የደብርና የመስጊድ ጥሪት ያ አመኔታ ነው። አመኔታ በአንድ ቀን አይጎድልም፤ ያልተነበበ ሒሳብ፣ ያልተመሰገነች ልጅ፣ ያኮረፈ ባለ ሱቅ ቀስ በቀስ ይሸረሽሩታል። ስለዚህ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ወይም የኮሚቴ ስብሰባ የሒሳብ ሪፖርት ሲነበብ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው ያዳምጡ። ካልተነበበም እጅዎን አውጥተው በትሕትና ይጠይቁ።